ኮምፒውተሬን ማን ያጽዳት

ኮምፒውተሬን የገደላት ሊያድናት የወሰዳት ሰው ነው። ቀርፋፋ ሆናብኝ ቴክኒሻኑ ጠዋት ወስዶ ከዙህር ሶላት በፊት መለሳት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ገመዶቿን እየሰካካ፣ «በይ እንግዲህ፣ ወላሂ እንደ ጥይት ሆናልሻለች» አለኝ። እኔም አመስግኜ፣ ለልጆቹ ዱአ አድርጌ፣ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። ሌላውን ተጫንኩ። አሁንም ዝም።

«ማል ታቴ? ምን ሆና ነው የማትናገረው?» አልኩት።

«ኤዬ!» አለ በኩራት። «ያንን ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውለውን ነገር ነቅዬ ጣልኩልሽ። ቫይረስ ነው። ሲያደክማት የነበረው እሱ ነው።»

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በተርጓሚነት እሠራለሁ፤ በኦሮምኛ የመጣውን ወደ አማርኛ፣ በአማርኛ የመጣውን ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። በእኛ ከተማ ሁሉም ሰው ሁለቱንም ይናገራል፤ ወሬውን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል። ወረቀት ግን እንደ ሰው አይደለም፣ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የእኔም ደመወዝ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቴክኒሻኑ ቫይረስ ያለው ደግሞ ስክሪን ሪደር የሚባለው፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። አማርኛን አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው ነው የሚያነበው፤ ለእኔ ግን ዓይኔ እሱ ነው።

ይህንን ስነግረው ቴክኒሻኑ ደነገጠ። «ዓይኔን ያጥፋው፣ ወላሂ አላወቅኩም!» ብሎ ማለና ምን እንዳለ ሲገባው ጭራሽ ትንፋሹ ጠፋ። ሰው እኔ ፊት በዓይኑ በማለ ቁጥር እንዲህ ይሆናል። «አብሽር፣ ቢጠፋም ያን ያህል አይከፋም፤ ለመሐላ ግን ሌላ ነገር ፈልግ» አልኩት። አልሳቀም።

ኃላፊያችን ነገሩን ሰምተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ሰው ሲቸገር ቶሎ መፍትሔ ካላገኙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ዓይነት ናቸው፤ ችግሩ ያ ቶሎው ነው። «ግድ የለም ልጄ» አሉኝ፣ «እስክትስተካከል ድረስ ለጊዜው ስልክ ታነሺልናለሽ። የቦዩን ጉዳይ ሌላ ሰው ይሥራው።» የቦዩ ጉዳይ የጨፋ ሮቢት ገበሬዎች በመስኖ ውኃ ተጣልተው ያመጡት ሰነድ ነበር፤ ግማሹን ተርጉሜዋለሁ። ከጠረጴዛዬ ላይ ሲነሳ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት፤ በቦታው ስልክ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጊዜው የተባለ ነገር ጡረታ ካልወጣ አያልቅም። ደሴ ላይ አብሮኝ የተማረ፣ እንደ እኔው ዓይነ ስውር የሆነ ጓደኛ አለኝ፤ ታሪክ ተምሮ በማዕረግ ተመርቆ፣ መጀመሪያ በተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ለጊዜው ስልክ አንሣ ተብሎ እስከ ዛሬ እያነሣ ነው። እኔም እንደሱ ልቀር ነው አልኩ በልቤ። የሚገርመው ደግሞ ምክር ሊሰጠኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ደወልኩለት፤ ሥራው ስልክ ማንሣት ስለሆነ ወዲያው አነሣ።

ከት ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን ሲጨርስ፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከፋብሪካው ጀምሮ የተቀመጠ ሌላ ድምፅ እንዳለ፣ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ቢጫኑት እንደሚነሣ ነገረኝ። ተጫንኩ። ተናገረች። አልሃምዱሊላህ። በዚያ ድምፅ እየተመራሁ የራሴን ስክሪን ሪደር ከፍላሽ መልሼ ጫንኩት። ኃላፊያችን ግን ስልኩን ከጠረጴዛዬ አላነሡም፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሯ መናገር ብትጀምርም ቀርፋፋነቷ እንደነበረ ነው። አንድ ፊደል ስጽፍ እያዛጋች ነው የምትመልስልኝ። ከመጀመሪያውም በሽታዋ ድምፁ አልነበረም ማለት ነው። «ፈጣን ስትሆን እናያለን» አሉኝ። እንግዲህ ወይ አጸዳታለሁ፣ ወይ ስልክ ሳነሣ አረጃለሁ።

«ማጽጃ ሶፍትዌር ማለት ቤትሽ የምታስገቢው ሠራተኛ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «የጓዳሽን ቁልፍ ሁሉ ትሰጪዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቂ፤ ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ ካልወረደ በሩን አትክፈቺለት። ከገባ በኋላ ደግሞ ያናግርሽ። ምን ልጥል ነው፣ ከየት ነው የማነሣው ብሎ ካልነገረሽ አባሪው።»

የመጀመሪያው ማጽጃ ከሠሪዎቹ ገጽ ነበር የወረደው፤ ሰውም ሁሉ ያደንቀዋል። መልኩ ያምራል አሉ። እኔ ታብ የሚባለውን ቁልፍ እየተጫንኩ ውስጡ ገባሁ፤ ስክሪን ሪደሩም አንድ በአንድ ያነብልኝ ጀመር። «በተን» አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ቁልፍ ማለቱ ነው። ቀጠልኩ። «በተን።» አሁንም «በተን»። የሠሩት ሰዎች ቁልፎቹን በሥዕል አሳምረው ስም ማውጣቱን ረስተውታል። በእኛ አገር ልጅ እንኳ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ታርዶለት ስም ይወጣለታል፤ እነዚህ በተኖች ግን እንዲሁ ቀርተዋል። አንዱ «ፈልግ» ነው፣ አንዱ «ሁሉንም ደምስስ» ነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ምንም ሳልነካ ወጣሁና ሰረዝኩት።

ሁለተኛውን ቴክኒሻኑ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ሊክሰኝ ፈልጎ ነው፤ አሳዘነኝ። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ሰው ሰጥቶኝ ነው፤ የሚከፈልበት ነበር፣ ክራክ ሆኗል፤ ሰብረው ነፃ አድርገውታል» አለ። በጓደኛዬ ሕግ እዚያው ማብቃት ነበረበት። ግን ላላሳፍረው ብዬ፣ ሱቁ ሄደን በእሱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንሞክረው አልኩት። ስክሪን ሪደሬን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። እጁ ፈጣን ነው፤ ሊጭነው ሲጀምር ማውሱ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ቆይ እንጂ፣ ምን ብሎ ጠይቆህ ነው እሺ ያልከው?»

«እኔ እንጃ፤ እሺ ካላልሽው አይቀጥልም።»

አጎቴ ትዝ አለኝ። አጎቴ ሰንበቴ ገበያ በሬ ሊሸጥ ሄዶ፣ ከአፋር ከመጣ ገዢ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሮ ዋጋው አልስማማ ሲል፣ «እስቲ ዱአ እናድርግ» አለ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። አጎቴ ስለ ዝናቡ ለመነ፣ አሚን። ስለ ሰላም ለመነ፣ አሚን። ስለ ልጆች ለመነ፣ አሚን። ድምፁን ሳይቀይር፣ «ይህንንም በሬ እኔ በጠራሁት ዋጋ እንድሸጠው አድርግልኝ» አለ፤ ገዢው ከሁሉም ቀድሞ አሚን አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውየውም አሚን ካልኩማ ምን አደርጋለሁ ብሎ ከፈለ። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ዓይናማ ሁሉ እንደዚያ ገዢ ነው። አሚን፣ አሚን፣ አሚን።

እኔ ግን እስከ መጨረሻው ካልሰማሁ አሚን ማለት አልችልም። አስቆምኩትና ከመጀመሪያው እንደገና አስጀመርኩት፤ እየተነበበልን ሄድን። አንዷ ሳጥን ላይ ሌላ የማናውቀው ፕሮግራም አብሮ እንዲገባ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባታል። ሌላዋ ኮምፒውተሩ ላይ የምንሠራውን ወደማናውቀው ቦታ እንዲልክ ትፈቅዳለች። ቴክኒሻኑ የሁለቱንም ምልክት አነሣ። ከዚያ ማጽጃው ምርመራ ጀመረና መዓት ስህተት አገኘሁ ብሎ እሪ አለ፤ አጽዳ አልነው፣ አጸዳ። ወዲያው ደግሜ አስመረመርኩት። ከቅድሙ የበለጠ ስህተት አገኘ። «ይሄ ማጽጃ ነው ወይስ አቆሻሽ?» አልኩ። ቴክኒሻኑ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተው፤ ስንት ሰው ኮምፒውተር ላይ እንደጫነው ግን አልጠየቅኩትም።

ሦስተኛውን ጓደኛዬ ነው የጠቆመኝ። ነፃ ነው፣ ከሠሪዎቹ ገጽ ነው የወረደው፣ መልኩ አስቀያሚ ነው ይላሉ፤ እኔ ምን ገዶኝ። በተኖቹ ሁሉ ስም አላቸው። እሪ አይልም፤ ያየውን ይናገራል፣ ሊያወጣው ያሰበውን አንድ በአንድ ያነባል፣ አይሆንም ስለው ይተዋል። ያጠፋሁትን ነገር ብጸጸት ደግሞ የምመልስበት መንገድ ያስቀምጣል። ሙሉ ጠዋት ሳዳምጠው ቆየሁ፤ ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ አላነሣሁትም።

መጀመሪያ የነገረኝ ኮምፒውተሯ እስከ አንገቷ መሙላቷን ነው። በምን ሞላች? እኔ የምጽፈው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ቦታ አይዝም። ትልልቆቹን ፋይሎች በመጠናቸው ደርድርልኝ አልኩት። ማንበብ ጀመረ፦ «የልጄ ሰርግ ክፍል አንድ። የልጄ ሰርግ ክፍል ሁለት። የልጄ ሰርግ የሙሽራው ቤት።» እኔ ልጅ የለኝም፤ አላገባሁምም።

ቴክኒሻኑን ጠርቼ አሰማሁት። «እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለ። «ኃላፊው ናቸው ያዘዙኝ። ‹እሷ ቪዲዮ አታይበትም፤ ቦታ ይተርፋታል› ብለውኝ።»

ተናደድኩ። ዓይን የለኝም ተብሎ የኮምፒውተሬ ሆድ እንደ ባዶ ጎተራ የሰው ሰርግ ሊታጎርበት! ጣቴ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ነበር፤ አንዴ ብጫነው ሙሽራዋም ሚዜውም አብረው ይሄዱ ነበር። ግን የኃላፊን ልጅ ሰርግ የደመሰሰች ሴት ስልክ እንኳ አታነሣም። ቴክኒሻኑን፣ «ሂድና ጥራቸው» አልኩት።

መጡ። ማውሱን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ስለሰማሁ ስክሪኑን አጠፋሁት። «አሁን እኩል ነን ጋሼ፤ አብረን እንስማ» አልኳቸው። ስክሪን ሪደሩ በእኔ ፍጥነት ተንደረደረ።

«ማል ጄዳ? ምን ይላል ይሄ? እሳት ነው እንዴ?» አሉ።

ለእሳቸው አዘገየሁት። የልጄ ሰርግ ክፍል አንድ ብሎ ጀመረ። እስከ ሙሽራው ቤት ድረስ አስነበብኩት፤ አንዱንም አላለፍኩም። ኮምፒውተሯ ቀርፋፋ የሆነችው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ኧረ የልጄ ሰርግማ ይቆይ» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላ የሚወጣ ነገር የለም?»

«አለ» አልኩ። መዋሸት እችል ነበር፣ አልዋሸሁም። ኮምፒውተሯ ስትበራ አብረዋት የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈትኩላቸው። ማጽጃው የመጀመሪያውን አነበበና ይሄ ሲነሣ ጊዜ ይወስዳል፣ ቢጠፋ ይሻላል ብሎ መከረ።

«ይኸው!» አሉ እፎይ ብለው። «እሱን አጥፊዋ!»

«ጋሼ፣ አሁን የሚያናግረን እኮ እሱ ነው። ስክሪን ሪደሩ ነው።»

«እሱ ራሱ?» አሉ።

«እሱ ከጠፋ እኔ ስልክ አነሣለሁ» አልኩ። «የልጅዎ ሰርግ ደግሞ ወንበሬ ላይ ይቀመጥና የቦዩን ጉዳይ ይተርጉም።»

ቴክኒሻኑ ሳቁን ሳል አስመሰለው። ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ቪዲዮው ቤትም እንዳለ፣ እዚህ ያስቀመጡት ድንገት ቢጠፋ ብለው እንደሆነ ነገሩኝ። ቤት ያለው ደህና መሆኑን ደውለው እንዲያረጋግጡ ነገርኳቸው፤ ደወሉ፤ ልጃቸው ራሷ ከፍታ አየችው። ስልኩን ዘጉ።

«ሰርጉ ይውጣ» አሉ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም ጋሼ» አልኩ። ሰምቻለሁ።

«ሰርጉ ይውጣ አልኩሽ!» አሉ፤ ቢሮው ሁሉ ሰማ።

ማጽጃው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩትና አዎ አልኩት።