የጎረቤት እንጀራና የኤአይ መጠይቅ

ከወልድያ ጠዋት ተነሳን። ሙሉቀን የሚባል መረጃ ሰብሳቢ ግራና አካባቢ የተቸገሩ ቤቶችን ሊመዘግብ፣ እኔ ደግሞ መንገድ ልመራው። የእርዳታ እህል የሚሰጠው በዚህ ምዝገባ ነው። ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሥራውን የተቀበልኩት ለአክስቴ ለዘይነባ ብዬ ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ማሽላቸው ዘንድሮ ሳያፈራ ደርቋል።

ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉቀን ታብሌቱን አሳየኝ። ጥያቄዎቹን ያወጣው ኤአይ ነው አለኝ። ድሮ ስንት ስብሰባ ይፈጅ የነበረውን፣ አሁን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይሰጣቸዋል። ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሳ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ግን አገዳ ብቻ ቆሞበታል።

ከመርሳ ወደ ግራና

መርሳ ላይ ማንጎና ፓፓያ መንገድ ዳር ተከምሯል። ማንጎ ገዝተን በባጃጅ ግራና ደረስን፤ ቀሪውን በእግር ሄድን።

አክስቴ እንግዳ ሲያዩ ቁጭ አድርገውን በጓሮ ወጡ። የት እንደሄዱ ገባኝ። እኛ አገር እንግዳ ሳይበላ አይሄድም፤ የሌለው ከጎረቤት ያመጣል። እንጀራና ሽሮ በነጠላቸው ሸፍነው ተመለሱ። በላን። ከዚያ ሙሉቀን ጠየቀ።

«ባለፈው ሳምንት ምግብ አልቆብዎት የዋሉበት ቀን ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ። ይኸው አብረን በላን አይደል፣ ልጄ?»

ታብሌቱ የሚቀበለው አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። ሙሉቀን «አይ» የሚለውን ነካ።

ዝም ማለት አቃተኝ። «እንጀራው ከጎረቤት የመጣ ነው» አልኩ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው?»

ሙሉቀን አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ ላስተካክለው?»

«ያልኩህን ጻፍ።»

ስንወጣ አጥሩ ድረስ ሸኙን። እኔን ግን አላዩኝም።

ሙሉቀን ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ የሆነውን ሁሉ በራሱ ስልክ ለኤአይ ጻፈለት። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ፤ እንግዳ ሲመጣባችሁ የሚቀርበው ምግብ ከየት ይገኛል የሚል። ደነገጥኩ። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ታብሌቱ ውስጥ እንዲያስገባው ለመንኩት።

«መጠይቁ ጸድቆ ተዘግቷል» አለ። «ለሌላ ዙር እነግራቸዋለሁ።»

ሌላው ዙር መቼ እንደሆነ አያውቅም። በቀጣዮቹ ቤቶችም ሴቶቹ እኛን እያስቀመጡ በጓሮ ወጡ። እኛም በላን፤ እሱም «አይ» የሚለውን ነካ።

መልስ

መርሳ ስንደርስ ሙሉቀን መልሶቹን ከታብሌቱ ላከ። ወደ ወልድያ በሚኒባስ ተመለስን። በመስኮት ውጭውን እያየሁ፣ ማሽኑ አስቀድሞ የሚነግረው ቢያገኝ ኖሮ ይጠይቅ ነበር እያልኩ አሰብኩ። የሚነግረው ሰው ግን እዚያ ገጠር ነው ያለው፤ ጥያቄው የሚወጣው ሌላ ቦታ። ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይህን ማወቅ ብቻ ነው፤ አክስቴን አያበላም።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እህቴ እንዴት ናት?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት። «ደህና ናቸው።»