የእትዬ ዘይነብ ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለውጥ መጣ ተብሎ ጋዜጣ እንደ አሸን ከፈላ ጀምሮ የሰውን ሁሉ ጥፋት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ የራሴን ግን ዘለልኩት።

በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ሐይቅ ከተማ ኢንተርኔት የሚገባው በቤት ስልክ ነበር፤ እሱ ሲሠራ ስልኩ ይያዛል። የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነብ ልጅ ሙሐመድ ጦር ሜዳ ነበር። ዓርብ ዓርብ ለእሱ ዱዓ ሊያደርጉ ሲሄዱ ቁልፋቸውን ይሰጡኛል። «ከደወለ አንሳልኝ፤ ደህና ናት በለው።» እሺ አልኩ። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

ሁለት የስልክ መስመሮችን አጣምሮ እንደ አንድ መጠቀም እንደሚቻል አንብቤ ነበር። መረጃው ተቆራርጦ በሁለቱም ይጓዛል፤ ቁራጮቹ ቁጥር ስላላቸው ማዶ ያለው ማሽን በተራቸው ይገጣጥማቸዋል። ሐይቅ ላይ አይሠራም አሉኝ። አይሠራም ሲሉኝ ይብስብኛል። ዓርብ ቁልፉን ስይዝ ከእትዬ ዘይነብ ስልክ ሽቦ በመስኮት ወደ ቤቴ ስቤ ሁለተኛ ሞደም ሰካሁ። ምን ላወርድ? ጦርነትን የሚያወግዝ መጽሐፍ!

የሙሐመድ መርዶ ከመጣ በኋላ አንድ የአምባሰል ልጅ፣ የጦር ሜዳ ጓዱ፣ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

«እማማ፣ አንድ ዓርብ ለት ሦስቴ ሊደውል ሞከረ፤ ተይዟል። ‹እናቴ ወሬ ይዛለች› እያለ ሲስቅ ነበር።»

እትዬ ዘይነብ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እንኳን መደወሉንም አላውቅበት! ማን ያዘው?»

«መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ።

«አብሽር፣ አንተ ምን ታደርግ» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

የትኛው ዓርብ ነበር? አንዱን ዓርብ ነጎድጓድ ፈርቼ ሞደሞቹን ነቅያለሁ። ሌላውን ዓርብ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ። የቱ ይቀድማል? ሙሐመድ የደወለውስ በየቱ? የእኔ ቁራጮች ቁጥር የላቸውም፤ ብገጣጥም ብገጣጥም አንዴ ንጹሕ፣ አንዴ ወንጀለኛ ሆኜ እወጣለሁ። ልጁን «የትኛው ዓርብ?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ለምን አልጠየቅኩም? ንጹሕ ልሆን የምችልባትን ጥርጣሬ ላለማጣት ይሆን? ደግሞስ ንጹሕ ብሆን የቱን ያህል ንጹሕ ነኝ? አንሳ የተባልኩትን ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ዘይነብ ከዚያም በኋላ ዓርብ ዓርብ ለዱዓ ሲሄዱ ቁልፉን ይሰጡኝ ነበር። እኔም ተቀብዬ፣ ሽቦውን ነቅዬ፣ እስኪመለሱ ከስልካቸው አጠገብ እቀመጥ ነበር። ሲመለሱ በዓይናቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም ማንም አልደወለም እላለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ የምጠይቃቸው እሳቸው ነበሩ፣ በሕይወት ሳሉ አልነገርኳቸውም።