ዟሪው የገባበት ቀን

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊው የወንድሙን ኮት የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ ነበር። የደወለችው የወንድሙ ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ ሱቅ ነህ?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?»

«አባዬ…» አለች።

«ኮቱን ነው? ነገ ይደርሳል በይው። ገበሩን ልሰፋለት ስል ነው የደወልሽው።»

ከልጅቱ ጀርባ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ቀጥሎ የሌላ ሴት ለቅሶ መጣ፤ የወንድሙ ሚስት ነበረች። ነገሩ የኮት ጉዳይ እንዳልሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ሳይነሣ ቀርቷል።

ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ የቀረውን ክር መርፌው ውስጥ አስገባ፤ ለምን እንዳስገባው እሱም አያውቅም። ሱቁን ቆልፎ ወጣና ሁለት መንደር አልፎ ከሄደ በኋላ ነው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ያየው።

በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል የስምንት ዓመት ልዩነት ነበር። ታላቁ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ታናሹ «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራው። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰፈራቸውን ቡድን ይደግፋሉ። ቡድኑ ቢጫ ማልያ ይለብሳል፤ ዋንጫ የሚባል ነገር አንሥቶ አያውቅም። ቢሆንም ወር ገብቶ ወር ሲወጣ ከሥራቸውም ከጤናቸውም በላይ ያሳሰባቸው የነበረው እሱ ነው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ቡድኑ ሁለት ለባዶ እየተመራ ሳለ ልብስ ሰፊው ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም። «መጣሁ» ብሎ ከስታዲየሙ ወጣ። ከአጥሩ ውጪ እየተንጎራደደ እያለ ምድር የሚያናውጥ ጩኸት ሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ለሁለት አሸነፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታህ ውጪ ነው» አለው ጋሼ እየሳቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን ታናሹ ገብቶ ተቀመጠ። አራት ለባዶ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ በነገሩ የሳቀ የለም።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ጋሼ ሁሌም ሁለት ትኬት ይገዛል፤ የታናሹ ወንበር ባዶውን ይቀመጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ልብስ ሰፊው ደግሞ ስታዲየሙን ይዞራል፤ በአንድ አጋማሽ አምስት ዙር። መኪና ጠባቂዎችና ትኬት ቆራጮች «ዟሪው» የሚል ስም አወጡለት። ጨዋታውን በጆሮው መከታተል ለመደ። ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ከጮኸ አግብተናል ማለት ነው። ጩኸቱ ወጥቶ መሐል ላይ ከተሰበረ ስተናል። ድንገት ጭር ብሎ ከሩቁ ጥግ ጭብጨባ ከመጣ ገብቶብናል።

ሲያልቅ ሦስተኛው በር አጠገብ ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር ይጠብቃል። ጋሼ ይመጣና አብረው በእግራቸው ወደ ቤት እየሄዱ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ይነግረዋል። እጆቹ መሪ እንደያዙ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ። በረኛቸው እንደ ምሰሶ የረዘመ ነው። አጥቂያቸው ሲሮጥ ሣሩ እንኳ አይሰማውም። የዘጠና ደቂቃውን ጨዋታ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ለመቆጣት ሲሉ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ሊሥቁ ሲሉም ይቆማሉ። ልብስ ሰፊው ጨዋታውን በቴሌቪዥን እንኳ አያይም ነበር፤ ለነገሩ አንድ ጊዜ ሞክሮ የጋሼን ያህል አልጣመውም።

ኮቱም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ጋሼ ለጨዋታ የሚለብሰው አንድ ቡናማ ኮት አለው። የኮቱ ገበር በየውድድር ዘመኑ ሁለት ጊዜ ይቀደዳል፤ ሁልጊዜም ከአንገትጌው ሥር፣ በዚያው ቦታ።

«ጋሼ፣ ይሄን ኮት ለብሰህ ከማን ጋር ነው የምትታገለው?»

«መስቀያው ነው የሚቀደው።»

«ባለፈው እጥፍ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ክርህ ነው የማይረባው።»

ክሩን ቀየረ። እንደገና ተቀደደ።

ጋሼ ያረፈው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቡድኑ ቢያንስ አቻ ካልወጣ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ልብስ ሰፊው መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ሱቁን ከፍቶ መኪናው ላይ ይቀመጣል፤ ጨርቅ ሳይኖር እግሩ መርገጫውን ይረግጣል። ተነሥቶ ካውያውን ይሰካል፤ ነቅሎ ይወጣል። አንዲት ደንበኛ የቀሚሷን እጅጌ እያገላበጠች «ይሄ ወደ ኋላ ለሚሄድ ሰው ነው የተሰፋው?» አለችው። ይቅርታ ጠይቆ ተረተረው። የወንድሙን ኮት ግን ከመኪናው ላይ አንሥቶ ምስማር ላይ ከሰቀለው በኋላ አልነካውም።

ዓርብ ዕለት የወንድሙ ሚስት ቤት ሄደ። ሁለቱን ትኬቶች ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ከማረፉ በፊት የገዛቸው ናቸው። ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ። እዞራለሁ።»

«ከዞርክ በኋላ ማን ይነግርሃል?»

የትኬቶቹን ጠርዝ በጣቱ አስተካከለ።

«ለእኔስ ማን ይነግረኛል? ሃያ ሁለት ዓመት ኳስ ያየሁት በእሱ አፍ ነው። ለአንተ ነግሮ ሲያበቃ እዚህ መጥቶ ለእኔ ይደግምልኛል።»

«እትዬ፣ እኔ ከገባሁ እኮ…»

«አውቃለሁ። ቡድኑ ይወርዳል ነው የምትለኝ።» ትኬቶቹን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻቸው። «እኔ ግባ አልልህም። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

ሲመለስ መንገዱን ስቶ በሌላ ሰፈር ዞረ። ከገባ የቡድኑን መርዶ እሱ ራሱ ይዞ እንደገባ ይቆጥረዋል። ካልገባ ደግሞ የጋሼ ወንበር ባዶውን ይውላል፤ ጨዋታውም ሳይነገር ይቀራል።

እሑድ ንፋስ ነበር። ኮቱን ገበሩ እንደተቀደደ ለበሰው። ስታዲየም ደርሶ እንደ ልማዱ አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛውን ሲጀምር የሦስተኛው በር ትኬት ቆራጭ አየው።

«ዟሪው፣ ዛሬ ቀደም ብለህ ጀመርክ። ተጫዋቾቹ ገና ካልሲ እያደረጉ ነው።»

«ዛሬ እገባለሁ።»

ትኬት ቆራጩ ትኬቱን አየ፤ ሰውየውን አየ። «በል እንግዲህ» አለው በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ውስጥ፣ ከጋሼ ወንበር አጠገብ፣ ለዓመታት እዚያው የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ አለ። ተቃቀፉ። ከኋላ አንዱ አየና «ኧረ ጎበዝ፣ ዟሪውን ማነው ያስገባው?» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «እኔ የተጋጣሚውን ማልያ ልግዛ፤ አልቆልናል።» ሰው ሣቀ።

«ተዉት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ወንድሙን ቀብሮ ነው የመጣው።»

ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ከቀልዱ ይልቅ ከበደው። በጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ባዶ ተወው።

ቡድኖቹ ገቡ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን አሸ።

«በረኛው ተቀየረ እንዴ?»

«ምን ይቀየራል፤ ሰባተኛ ዓመቱ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ረጅም አልነበረም?»

«ማን፣ ይሄ? ቤቱ አምፖል ለመቀየር ጎረቤት የሚጠራ ሰውዬ!»

አጥቂያቸውም ሲሮጥ ቤቱ ምድጃ ሳያጠፋ የወጣ ሰው ይመስላል፤ በየመሐሉ ቆም እያለ ያስባል። ልብስ ሰፊው ወንድሙን ሊቆጣ ፈለገ፤ ሣቁም መጣበት። ሁለቱንም ዋጣቸው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። በሁለተኛው ተጋጣሚው ገፍቶ መጣ። ኳሷ የሜዳውን መሐል በተሻገረች ቁጥር እግሮቹ በራሳቸው ጊዜ መርገጫ ይረግጣሉ።

«ወንድምህ ይሄን ጊዜ ይሸፈን ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል።

«ምን?»

«ኮቱን ነዋ። ኳሷ ወደ እኛ ከመጣች አንገትጌውን ይዞ በራሱ ላይ ይስበዋል። ‹አለፈች፣ ውጣ› የምለው እኔ ነኝ። የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓትማ አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ‹ምን ሆነ? ማን ነካት?› እያለ ከውስጥ ይጠይቀኛል።»

ልብስ ሰፊው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ጣቱ በገበሩ ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

«መስቀያው ነው ያለኝ» አለ።

«የቱ መስቀያ?»

«ምንም አይደል።»

ለሃያ ሁለት ዓመት አንዱ ውጪ ሲዞር ሌላው ውስጥ ተሸፍኖ ነበር። ጨዋታውን በእርግጥ ያየው ይሄ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የተቀረውን ጋሼ በመንገድ ላይ ሠርቶታል።

ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ከተከላካዮቻቸው አንዱ የተጋጣሚውን ልጅ በግብ ክልላቸው ውስጥ ጠለፈ። ዳኛው ወደ ነጥቡ አመለከተ። ፍጹም ቅጣት ምት።

መጀመሪያ ወደ እሱ የዞሩት ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ» አሉት፤ በፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። «ደቂቃ ብቻ። ወጣ በልና ተመለስ።»

«ዟሪው፣ ወንድሜ፣ እባክህ» አለ ከኋላ ያ ቀልደኛ። «ሽንት ቤትም ቢሆን ሂድ።»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን ያያል። ልብስ ሰፊው ተነሣ። እግሮቹ መንገዱን ያውቁታል፤ ሦስት ደረጃ ወረዱ፤ መውጫው ከፊቱ ነው። ከዚያ ቆመ። ውጪ ቢደርስ በጩኸቱ ያውቀዋል። ኳሷ በየት በኩል እንደሄደች ግን ማን ይነግረዋል? እጁ አንገትጌውን ይዞ ነበር። ለቀቀውና ወደ ሜዳው ዞረ።

መቺው ተንደርድሮ በግራ በኩል መታት። በረኛው ትክክለኛውን አቅጣጫ መርጦ ዘለለ። ለዚያች ኳስ ግን አጭር ነበር። የጋሼ በረኛ ቢሆን ያወጣት ነበር።

ስታዲየሙ ጭር አለ። ከሩቁ ጥግ ጭብጨባው መጣ፤ ከውስጥም ሲሰማ ያው ነው።

ሌላ ግብ አልገባም። ቡድኑ ወረደ። ሽማግሌው ሳያዩት አለፉ። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ያዘው።

«አንተ ብትወጣም ኳሷ ትገባ ነበር።»

«እንዴት አወቅህ?»

«አላውቅም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ልብስ ሰፊው ወጥቶ የመብራት ምሰሶው ሥር ቆመ። ሰው ሁሉ አልፎ መኪና ጠባቂዎቹ እንኳ መሄድ ሲጀምሩ ነው ማንን እንደሚጠብቅ ያስታወሰው።

ቤቷ ሲደርስ የወንድሙ ሚስት ውጤቱን ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምታለች። ልጇም አጠገቧ አለች። እሱ ግን ገና ሳይቀመጥ «ወረድን፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አለ።

«እሱን ሰምቻለሁ» አለች። «ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምር።»

ቁጭ አለ፤ ተነሣ፤ እየተንጎራደደ ጀመረ። እጆቹ እንደ ጋሼ መሪ አልያዙም፤ ጨርቅ እንደሚያስተካክል ነበር የሚንቀሳቀሱት። ሲነግራት አጥቂው ትንሽ ፈጠነ። «ረጅሙ በረኛ» ሲል ራሱን ሰማው፤ አላረመውም። ፍጹም ቅጣት ምቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከዚያስ?»

«በጣቱ ጫፍ ነካት።»

«ነካት?»

«ነካት። ግን ገባች።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለች፣ ዓይኗን በነጠላ ጠርዝ እየጠረገች። «ሁልጊዜ ይደርስባታል።»

አዲሱ የውድድር ዘመን በታችኛው ሊግ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሁለት ትኬት ልጅቱ ገዝታ አምጥታለታለች፤ የሚገባ ወይም የሚዞር እንደሆነ ግን አልቆረጠም። ኮቱ ከመኪናው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ቡናማውን ክር አውጥቶ ሁለት ጊዜ ወደ መርፌው አቅርቦት ነበር፤ ሁለቴም መልሶታል። ከአንገትጌው ሥር ያለው ገበር እስካሁን አልተሰፋም።