ጣት ተኩል የጎደለው ወለል

ዲላ ውስጥ መኪናው የተጋጨበት ሰው ገንዘብ ካለው ሐዋሳ ይወስደዋል። ትዕግስት ከሌለው በስቱኮ አስለስኖ፣ ቀለም አስረጭቶ፣ ለማያውቅ ሰው ይሸጠዋል። ሁለቱም ካልሆነለት ወደ ሽመክት ይመጣል፤ መጥቶም ይሰደባል። ሽመክት «ይሄን መኪና እንዲህ ያደረገው ሰው ነው?» ሳይል ሥራ ጀምሮ አያውቅም።

ሽመክት ባትላሜራ ነው፤ የመኪና አካል ይቀጠቅጣል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው። አባቱ ከሰሜን ለአስተማሪነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ደብተር አልወድ ሲላቸው «እንግዲያው ብረት አንብብ» ብለው ጋራዥ አስገቡት። እኔ ከጎኑ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሱቄንና የእሱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዶሻውን ስሰማ ኖሬአለሁ። ሲናደድ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሥራው ሲሰምርለት ያረፈ ምት ይመታል። ስቱኮ የሚባል ነገር ግቢው አይገባም። «ስቱኮ ለግድግዳ ነው» ይላል። «መኪና ግድግዳ ከሆነ በር አውጣለትና ግባበት።»

ችግሩ ዓይኑ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ እየደከመ፣ ኋላ ኋላም እየጠፋ ሄደ። የዕቃ ዝርዝር አንብብልኝ ሲሉት «መነጽሬን ቤት ረሳሁ» ይላል። አራት ዓመት ሙሉ ያ መነጽር ከቤት አልወጣም፤ በመጨረሻ ሲጣራ ከነጭራሹ መነጽር አልነበረውም። ሰውን በድምፁ ይለያል፣ ባጃጅን በጥሩምባዋ። የግራ ዓይኑ ሲቀላና ራሱን ሲፈልጠው «ብየዳ ነው የነካኝ» ብሎ ድንች ቆርጦ ይለጥፍበታል። የብየዳ ሰው ሁሉ ድንች ስለሚለጥፍ ማንም አልተገረመም።

ፍርሃቱ ግልጽ ነበር። ልጁ ሉሊት ሐዋሳ ታስተምራለች፤ በየበዓሉ «አባዬ፣ በቃህ፣ ከእኔ ጋር ኑር» ትለዋለች። አለማየቱን ብትሰማ በማግስቱ ትወስደው ነበር። እሱ ደግሞ «መዶሻ ካስቀመጥኩ ቀሪው ሥራዬ ቀባሪ መጠበቅ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ዓይኑን ደበቀ። ከማን እንደደበቀ ግን እንጃ፤ እኔ አውቅ ነበር። ቀለም ቀቢው ያውቃል፣ ሻይ የምታመጣልን አትጠገብም ታውቃለች፤ ብርጭቆውን እጁ ላይ ካላስያዘችው አታስቀምጥም። አንዳችንም ግን «ዓይንህን ምን ነካህ?» አላልነውም። እንዴት ይባላል? ትልቅ ሰው ነው፣ ባለሙያ ነው። ይሉኝታ ያዘን፣ እሱም እንደያዘን ቀረ።

ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ሱራያ ባህሩዲን የአባቷን ፔጆ 404 አስጎትታ አመጣች። ሱራያ በገበያው መንገድ የግንባታ ዕቃ ትሸጣለች። አባቷ ሐጂ ባህሩዲን በዚያ ፔጆ ከቡሌ ዲላ ሰው እያመላለሱ አምስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ነበሩ። ከሞቱ በኋላ መኪናው አቮካዶ ዛፍ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ቆመ። ሞተሩን ሐዋሳ አሠርታዋለች። የቀረው አካሉ ነበር፤ ከአካሉም የባሰው የኋላ ኮፈኑ ወለል።

«ዝናብ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ሽመክት ምንጣፉን ገልጦ እጁን አስገባ። ዳበሰ፣ አሸተተ። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ላሜራው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ።

«ዝናብ ብቻ እንዲህ አያደርግም» አላት። «አባትሽ የቡሌ ሴቶችን ዋሳ ሲጭኑ ነው የኖሩት። የዋሳ ውኃ ኮምጣጣ ነው፣ ብረት ይበላል። ልጄ፣ ይሄ ወለል አይደለም፣ ወንፊት ነው።»

ዋሳ የጌዴኦ ቆጮ ነው። ሱራያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እስከ ዛሬ ይሸታል?» አለች። እሱ ምንጣፉን መልሶ አለበሰው።

የእንዲህ ዓይነት ወለል ሥራ ውሸት አይወድም። ዝገቱን ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ትንሽ ዝገት ከተረፈ አዲሱንም ይበላዋል። ከዚያ የአሮጌውን ልክ ወስዶ፣ በአዲስ ላሜራ ላይ ቆርጦ፣ ውኃ የሚወርድባቸውን ቦዮች በመዶሻ አውጥቶ፣ ዙሪያውን መበየድ ነው። ሱራያ ውፍረቱ ከፋብሪካው ጋር የሚስማማ ላሜራ ከአዲስ አበባ አስመጣች። የተገኘው አንድ ብቻ ነበር።

ልክ አወሳሰዱን መናገር አለብኝ። ሽመክት ድሮ እንደ ሌላው በካርቶን ነበር የሚሠራ፤ ካርቶኑን ያነጥፋል፣ ዳሩን በከሰል ያሰምራል። ዓይኑ ሲደክም ካርቶኑን ትቶ የእንሰት ቅጠል ጀመረ። ሰፊውን ቅጠል ወለሉ ላይ አንጥፎ በመዳፉ ሲጫነው ቅጠሉ ቦዩንም፣ ጉብታውንም፣ ዳሩንም ይይዛል፤ ከዚያ ጠርዙን በቢላዋ ይከረክመዋል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች አንድ ጊዜ ፎቶ ሊያነሱት መጥተው «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ኢኮ-ፍሬንድሊ ነው!» አሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀም፣ ኩራቱን ግን አልደበቀም። እውነቱ ሌላ ነበር፤ የከሰሉ መስመር አይታየውም፣ ቅጠሉን ግን ጣቱ ያነበዋል። ቅጠል ታዲያ አመል አለው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በተከረከመበት ቀን ካልተሠራበት አይታመንም። ይህንን ለሰው ሁሉ የሚናገረው ራሱ ሽመክት ነበር።

የፔጆውን ቅጠል በከረከመበት ቀን ከሰዓት በኋላ የዕድራችን ጸሐፊ እናት ዱመርሶ ላይ አረፉ የሚል መልእክት መጣ። ሽመክት የዕድሩ ድንኳን ኃላፊ ነው። ቅጠሉን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ድንኳኑን አስጭኖ ሄደ። ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አየሁት። ቅጠሉን ከሚስማሩ አውርዶ ላሜራው ላይ ዘርግቶታል። በግራ እጁ ዳር ዳሩን እየዳሰሰ በቀኙ በሹል ብረት ይጭራል። ቅጠሉ ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል። ጫፉ ተጠቅልሏል፤ እሱ ግን በጣቱ እየዘረጋ ያልፈዋል። ምናልባት ጠዋት የዘነበው ዝናብ አርጥቦት ለስልሶ ይሆናል፤ እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ሽመክትን ላሜራ ላስተምር ነው?» አልኩና ዘጋሁት። ሻይ ይዤ ነበር፤ ሻዬን ጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ የመቁረጫው ድምፅ ተሰማ።

ቦዮቹን ለማውጣት ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ያረፈ ምት ነበር የሚመታው፤ ሥራው እንደሰመረለት በአጥሩ ማዶ እሰማ ነበር። በአሥረኛው ቀን ወለሉን ሊያስገባ ሱራያን አስጠራ፣ እኔንም ጠራኝ። አንድ ጫፉን እኔ ያዝኩ። በግራ በኩል ልክ ብሎ ተቀመጠ። በቀኝ በኩል ሲያሳርፈው ጣቱ በክፍተቱ አልፎ ወደ ታች ወጣ።

ጣቱን ሳይመልስ ቆመ። ከዚያ ክፍተቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። ጣት ተኩል ይጎድላል።

ሱራያ ደግ ሴት ናት። «ምንም አይደል፣ ጋሽ ሽመክት» አለችው። «ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ትንሽ ስቱኮ ነገር ቢያደርጉበት…»

ሌላ ቀን ቢሆን ከነመኪናዋ ያባርራት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድይፍራው፣ ቅጠሉ የት አለ?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

«ምን መልክ አለው?»

ሱራያ እኔን አየች፣ ቅጠሉን አየች።

«ምን መልክ አለው አልኩህ!»

«ደርቋል» አልኩ። «የትንባሆ መልክ ይዟል።»

ሽመክት መኪናው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ። «ልጄ፣ ላሜራሽን አበላሽቻለሁ» አላት። «ቅጠሉ መድረቁን አላየሁም። ዓይኔ አያይም። አንቺንም የማውቅሽ በድምፅሽ ነው።»

በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። እኔ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን እፎይታ ነበር።

ሱራያ ዕለቱን ሉሊት ጋ ደወለች። ልጅቱ በማግስቱ መጣች፤ አባቷን የወሰደችው ግን ወደ ቤቷ አልነበረም፣ ወደ ሐኪም ነው። የቀኝ ዓይኑ ሞራ ነበር። በአንድ ጠዋት ገፈፉለት፣ በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የሉሊትን ፊት አይቶ «ከስተሻል» አላት። የግራው ግን ሌላ ሆነ። ሞራው ከልክ በላይ ቆይቶ በዓይኑ ውስጥ ግፊት ፈጥሯል፣ ግፊቱም ነርቡን ገድሎታል። ያ ሁሉ መቅላት፣ ያ ሁሉ ድንች እሱ ኖሯል። ሐኪሙ «ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ ሁለቱም ይድኑ ነበር» አላቸው። ይህን የነገረችኝ ሉሊት ናት። ስትነግረኝ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር።

ሽመክት ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ግቢው አይደለም። ከዓመት በፊት በሩን የበየደለትን ሚኒባስ መናኸሪያ ፈልጎ አገኘ። ጎንበስ ብሎ የብየዳውን መስመር አየው። ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። ባለቤቱ ደጀኔ «ኧረ ጋሽ ሽመክት፣ ደህና ነው እኮ፣ ይዟል» ቢለው «ዝም በል» አለው። ከዚያ የሌላውን አየ፣ ከዚያም የሌላውን። ከሰዓት ላይ ሱቄ ደጃፍ መጥቶ ቆመ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በቅጠሉ ልክ ስጭር ታየኝ ነበር?»

«አዎ፣ አይህ ነበር።»

«ምነው ታዲያ?»

«አክብሬህ ነው» አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት። እሱ ባንድ ዓይኑ አየኝ፤ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ዞሮ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወር ከአሥር ቀን ሰላምታ ነፈገኝ። የእግዜር ሰላምታ የተነፈገ ጎረቤት ኑሮው ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። መዶሻውን ግን እሰማ ነበር። ሱራያ ሌላ ላሜራ ፈልጋ አምጥታለት ነበርና ፔጆውን እንደገና ከሀ ጀምሮታል። አሁን በካርቶን ነው የሚሠራ። ባንድ ዓይን ቅርብና ሩቅ መለየት ስለሚያቅተው መዶሻው አንዳንዴ ጣቱን ያገኘዋል፤ ያኔ የሚሰማው ስድብ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከአጥሩ ማዶ ጮኸ። «ወንድይፍራው! ና!»

ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ወለሉ ተበይዷል። ቀጥ ያለ፣ ቦዮቹ የወጡ፣ ዙሪያው አንድ ወጥ መስመር። ቀለም አልተቀባም። ከመኪናው ሥር አምፖል አብርቷል። ብየዳ ላይ የቀረ ቀዳዳ ካለ በዚያ ብርሃን ያልፋል፤ በቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ደግሞ ነገ ውኃ ነው። ሱራያ ቁልፏን ይዛ ዳር ቆማለች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ። «አንተ እይ።»

ጎንበስ ብዬ መስመሩን ተከተልኩ። በቀኝ ምንም የለም። በኋላም ምንም። በግራ ጥግ ላይ፣ እሱ በማያይበት በኩል፣ መርፌ የምታህል ብርሃን አለች። ቀና አልኩ። ሱራያ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሽመክት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ምላሴ ላይ የመጣው «እጅህ ይባረክ፣ ምንም አይወጣለትም» የሚለው ነው፤ ምላሴ አራት ዓመት የለመደችው ይህን ነው።

«በግራ ጥግ ቀዳዳ አለ» አልኩ።

ሱራያ መሬት መሬት አየች። ሽመክት መጥቶ አንገቱን እስኪያመው አዙሮ አየና አገኛት።

«በቃ?» አለኝ። «ይቺን ለማለት ነው አንድ ዓይኔን የፈጀኸው?»

መበየጃውን ለኮሰና አምፖሉን ወደ ጥጉ እንዳቀርብለት በእጁ አመለከተኝ፤ ያዝኩለት።