የሲሚንቶ ወረቀት ሽፋኖች

ከመደርደሪያችን አንድ መጽሐፍ ባወጣሁ ቁጥር ጣቶቼ ሳላዛቸው ሽፋኑን ይፈልጋሉ። ሽፋን የለም። ያለው ከማተሚያ ቤት ይዞት የወጣው ስስ ካርቶን ነው፤ ጠርዙ ነጥቷል፣ ማዕዘኑ ተጣጥፏል። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። መጻሕፍቱ አሉ፤ እሱ ስለ እነሱ የጻፈው ግን የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጠፋሁት ቀስ ብዬ ልጽፍ ነው፤ ቶሎ ስጽፍ ለራሴ አደላለሁ።

ቤታችን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። እሱ ከተማው ውስጥ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ተማሪዎች ሲመረቁ ሻንጣቸው ስለሚከብድ መጽሐፋቸውን ለእሱ ትተው ይሄዱ ነበር። በዚህ ዓይነት ቤታችን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ መጻሕፍት ተሰበሰቡበት፦ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ መርከበኞች፣ ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ስለ ጥርስ፣ ሌባና መርማሪ የሚሳደዱበት ልብ ወለድ። እሱ ሁሉንም ያነብ ነበር። ሰው የሚያርፈው ስለማይመለከተው ነገር ሲያነብ ነው ይል ነበር።

መጻሕፍቱን ማዋስ ሲጀምር እንዳይበላሹ ሽፋን አበጀላቸው። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እየለመነ ያመጣል፣ አራግፎ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ በመጽሐፉ ልክ ይቆርጣል። ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደግሞ የእጥፋቱን ጠርዝ በመኪናቸው ይሰፉለታል። ከጥንት ጀምሮ ጅማ የኖሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ለሰው ስሰፋ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ እያለ ይመለሳል» አሉት አንድ ቀን፤ «መጽሐፍ ግን፣ አቦ፣ አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም።» ባለቤቴም የእሱ ችግር ይኸው መሆኑን ነገራቸው።

በኋላ አንድ ልማድ ተጨመረ። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው በሽፋኑ የውስጥ እጥፋት ላይ ለሚቀጥለው አንባቢ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል። ስም አይጻፍም። ለጓደኛ እንደሚነገር ብቻ ነው የሚጻፈው። የታሪኩን መጨረሻ የተናገረ ሌላ መጽሐፍ አይሰጠውም። ሕጉ ይኼው ነበር።

አንዳንዶቹን መስመሮች አሁንም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። በንቡ መጽሐፍ ላይ አንዱ «ስለ ንብ ነው ብላችሁ አትለፉት። እኔ ማር እንኳ አልወድም፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት» ብሎ ነበር። በመርከበኞቹ ላይ «ባሕር አይቼ አላውቅም። ስጨርሰው እግሬን ደረቅ መሆኑን ነካሁት» የሚል ነበረ። ሊሙ ገነት የምትሠራ አንዲት ነርስ በመርማሪው ታሪክ ላይ «ወጥ ጥዳችሁ አትጀምሩት» ብላ ጻፈች። በጉድጓዱ መጽሐፍ ላይ ደግሞ «መጀመሪያው ደረቅ ነው። ታገሱ። ውሃው ከገጽ ሠላሳ በኋላ ይወጣል» ተብሎ ነበር። መጻሕፍቱ በቡና መኪና ወደ ሊሙ፣ ወደ ሸቤ ይሄዳሉ፤ ሁለት ሦስት አዲስ መስመር ተጽፎባቸው ይመለሳሉ። እሱ መጽሐፉን ሳይሆን መጀመሪያ እጥፋቱን ገልጦ ቆሞ ያነባል፤ ብቻውን ይስቃል።

ከሁሉም እኔ ያልጨረስኩት አንድ ነበር። መንገድ ለመቀየስ በበቅሎ አገር የዞረ ሰው የጻፈው ማስታወሻ ነው። ግማሹ ላይ በቅሎዋ ታንከሳለች፤ ሰውዬው ገደል አፋፍ ላይ አድሮ ምን እንደሚያደርግ ያስባል። እዚያ ላይ ገጹን አጥፌ ዘጋሁት።

«ትሞታለች እንዴ?» አልኩት።

«አልነግርሽም።»

«አንድ ቃል ብቻ። ካልሞተች እቀጥላለሁ።»

«ሕግ ሕግ ነው። ሚስትም ብትሆኚ።»

ተኮራረፍን እንጂ አላነበብኩትም። እሱ የራሱን መስመር ሲጽፍበት አየሁ፤ ምን እንዳለ ግን በእልህ አልጠየቅኩም። ብዙ ሳይቆይ ሸቤ ያሉ አንድ ቡና መዛኝ አስልከው ወሰዱት።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። አንድ ማለዳ ባለቤቴን ለጥያቄ ይፈለጋል ብለው ከቢሮው ወሰዱት። ምን እንደተጠየቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። በነጋታው ልብስ ሰፊው በአጥሩ በኩል ጠርተው፣ ቤት ለቤት ፍተሻ ወደ እኛ ሰፈር እየመጣ መሆኑን ሹክ አሉኝ።

ገብቼ መጻሕፍቱን አየሁ። ስማቸው የሚያስጠይቅ አንድም አልነበረም። ከዚያ እጥፋቶቹን ገለጥኩ። ስም የሌላቸው የብዙ ሰው እጅ ጽሑፎች፣ የገጽ ቁጥሮች፣ ከከተማ ከተማ በመኪና የሚመላለስ ወረቀት። «ታገሱ። ውሃው ከገጽ ሠላሳ በኋላ ይወጣል።» ውሃው ምንድን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? የማነው ይኼ ጽሑፍ ቢሉኝስ? እሱን እዚያ አስቀምጠው ነርሷን፣ ተማሪዎቹን፣ መዛኙን አንድ በአንድ የሚጠሩ መሰለኝ።

ምላጭ ፈልጌ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። የመኪና ስፌት ጠንካራ ነው፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ሽፋኖቹን በከሰል ምድጃው ላይ ጥቂት ጥቂት እያልኩ አቃጠልኳቸው። ውስጡ የቀረው የሲሚንቶ ብናኝ እሳቱን እያፈነ አስቸገረኝ። የእሱ ጽሑፍ ያለበትን ሳገኝ አላነበብኩም። ካነበብኩት አላቃጥለውም ብዬ ነው። ያቺ ቀን ተመልሳ ስትመጣብኝ የምሰማው ነገር የክሩ ድምፅ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሲበጠስ።

ፈታሾቹ በሦስተኛው ቀን መጡ፤ ሦስት ነበሩ። ደብዳቤዎቹንና ደብተሮቹን በጆንያ ከተቱ፤ እነዚያም አልተመለሱልንም። መነጽር ያደረገው ሰውዬ መደርደሪያው ጋ ሄዶ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያወጣ ስማቸውን ያይና ይመልሳል። ሽፋን አልመረመረም፤ ገጽ አላገላበጠም። የንቡ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ገልጦ አነበበ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር አየሁት። እስከዚያ ድረስ ጓዲት ሲለኝ የነበረ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ይኼ ደስ ይላል?» አለኝ።

ከሦስት ቀን በፊት ቢሆን መልሱ እጥፋቱ ላይ ነበር። እኔም አውቀው ነበር። «አላነበብኩትም» አልኩት። መጽሐፉን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ።

በዚያ ዘመን ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ያልዋሸ ካለ እሱ ይፍረድብኝ። የምትመለስብኝ ግን ይህቺ ናት። ሰውዬው የጠየቀኝ አንባቢ አንባቢን እንደሚጠይቅ ነበር።

ባለቤቴ ከአራት ወር በኋላ ከስቶ ተመለሰ። እግሩን ከታጠበ በኋላ መደርደሪያው ፊት ቆመ። መጻሕፍቱን ያያል፤ እኔ ጀርባውን አያለሁ። አንዱን አወጣ፣ ገለጠ፣ መለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር «ደግ አደረግሽ» አለ።

ሌላ ምንም አላለም፤ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ። ቢቆጣኝ ኖሮ እመልስለት ነበር፤ ስለ ፍርሃቴ እነግረው ነበር። «ደግ አደረግሽ» በሩን ዘጋብኝ። ፈሪ ናት ብሎ እንደሆነ፣ ወይም ከልቡ እንደሆነ፣ ልጠይቀው ለዓመታት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። ሰዎች እንደገና መጽሐፍ ሊዋሱ መምጣት ጀመሩ። የትኛው ይሻላል ሲሉት «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል። ስለ ጥርስ የተጻፈን መጽሐፍ እንደ ሠርግ ዘፈን ያሞግስ የነበረ ሰው! አዲስ ሽፋን አላበጀም። አንድም መስመር አልጻፈም። ደረቱን አሞት በክረምት ሲያርፍ ከእጅ ጽሑፉ የቀረኝ በመታወቂያው ላይ ያለው ፊርማ ነው። ፊርማ ደግሞ አይናገርም።

ከአርባው በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል መስማት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ደብተር ሳርም መደርደሪያው ጋ መጽሐፍ ተስቦ ሲወጣ ይሰማኛል፤ ከዚያ እጥፋት ሲገለጥ። ቀና ስል ማንም የለም። አልፈራሁም። የምጠብቀው ሳቁን ነበር፤ ሳቁ አልመጣም።

ይህንን ለልብስ ሰፊው ነገርኳቸው። ሰሙኝና መርፌያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«የበቅሎዋስ? እሷን ፈትተሻታል?»

«የቷ በቅሎ?»

«ሸቤ የሄደችው። እኔ ነኝ የሰፋኋት፣ በቀይ ክር። ያኔ እዚህ አልነበረችም እኮ።»

ረስቼው ነበር። ስለጠላሁት ረሳሁት። በሳምንቱ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሸቤ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው የእጁን ጽሑፍ ነበር፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውን፣ መስመሩን ስቶ ወደ ላይ የሚወጣውን። ምንም ይበል፤ አንድ መስመር ይበቃኛል አልኩ።

መዛኙ አርጅተው ሚዛኑን ለሌላ ሰው ትተዋል። ማን መሆኔን ስነግራቸው «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ፣ ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። አላህ ያጽናሽ አሉኝ። መጽሐፉን ከሣጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አወጡት። የሲሚንቶ ወረቀት ሽፋን ለብሷል። ክሩ ግን ጥቁር ነው።

እጥፋቱን ገለጥኩ። የስድስት ሰው መስመር አለ። ስድስቱም በአንድ እጅ፣ ቀጥ ባለ የቁርዓን ቤት ተማሪ ጽሑፍ የተጻፉ ናቸው።

«አሮጌው ሽፋን ዝናብ መታው» አሉኝ። «በእጄ ላይ ተበጣጠሰ። የሰው ቃል እንዳይጠፋ ብዬ በአዲስ ወረቀት ገለበጥኩት።»

«አሮጌውስ?»

«ምን ያደርጋል? እሳት አያያዝንበት።»

ፊቴ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ደነገጡ። ጥፋት እንደሠሩ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመሩ። «አንድ ቃል አልጎደለም፣ ወላሂ። አማና ነው፣ የሰው አደራ። የሰረዘውን እንኳ አልዘለልኩም። እሱ የሰረዘውን እኔም ጽፌ ሰረዝኩት። እይው።»

አየሁት። አራተኛው መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ቃል ተጽፎ በቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ይነበባል። «ፈሪዋ» ይላል። ከተሰረዘው ቀጥሎ፦

«ባለቤቴ በቅሎዋ ትሞት ይሆናል ብላ ግማሹ ላይ ተወችው። እኔም አልነግራትም። ገና ትመለስበታለች።»

ሽማግሌው ፊት አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም፤ ወደ ደጅ እያዩ ተቀመጡ። መስመሩ የተጻፈው ሽፋኖቹን ከማቃጠሌ በፊት ነው፤ ስለዚህ ለጥያቄዬ መልስ አይደለም። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ያን ቃል ጽፎብኝ አይቶታል፤ ደስ አላለውም፤ ሰርዞታል። ፊርማው ያልተናገረውን፣ የሌላ ሰው እጅ ተናገረልኝ። እጁን ፍለጋ ሄጄ ድምፁን ይዤ ተመለስኩ።

መዛኙ ሲሸኙኝ መጽሐፉን ሊሰጡኝ ፈቀዱ፤ ግን ሳያፍሩ አንድ ነገር አሳሰቡኝ። ተራ የሚጠብቅ አንባቢ አለ።

ያጠፍኩት ገጽ እስከዚያም የእጥፋቱ ምልክት ነበረው። ከዚያ ቀጠልኩ። በቀን ሁለት ገጽ፣ አንዳንዴ አንድ፤ መጨረሻው ሲቀርብ ለሳምንት አቆምኩ። ማለቁን አልፈለግኩም። እሱ ያለኝ ያልተፈጸመ አንድ ነገር ይኼ ብቻ ነበር፦ «ገና ትመለስበታለች።» ስጨርሰው እሱም ያልቃል ብዬ ፈራሁ። ከሸቤ በሹፌር መልእክት ሲመጣብኝ ግን አፈርኩ፤ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት።

ከስድስቱ መስመሮች ሥር፣ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ግማሹ ላይ የተወችው እኔ ነኝ። ተመልሼ አነበብኩት። ዘግይቻለሁ።»

ለሹፌሩ ሰጥቼ ላክሁት። በቅሎዋ ምን እንደሆነች እዚህም አልጽፍም፤ ሕጉ አልተሻረም። መጽሐፉን የዘጋሁ ዕለት ግን ለአንድ ሰው መናገር አማረኝ፤ ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ መደርደሪያው ሁሉ ዞሬ ነበር። እሱ ግን መጨረሻውን ከእኔ በፊት ያውቀዋል።