የሚያዝያው ጭብጨባ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ሳምንቱ በታሪክ የሚባለውን ዝግጅት ታነባለች። የትኛው መርከብ እንደሰጠመ፣ የትኛው ንጉሥ ዘውድ እንደጫነ ብዙም ጆሮ አልሰጠሁትም። «ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት የድል ቀን ነው» ስትል ግን ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ያንን ዓረፍተ ነገር እኔም በወጣትነቴ አሰብ ላይ በድምፅ ማጉያ አንብቤዋለሁ። ልጅቷ አንብባው ወደ ሙዚቃ አለፈች፤ ማንም ወደ ቢሮ አልጠራትም።

በመምህርነት ተመርቄ አሰብ የተመደብኩት በደርግ ዘመን ነው። ለደሴ ልጅ አሰብ ሌላ ዓለም ነበረች፤ ከፊት ባሕር፣ ከኋላ በረሃ። ሚያዝያ ሲጋመስ ሙቀቱ ከቆርቆሮው እየወረደ አናት ላይ ይቀመጣል። ጠመኔ በላብ እጅ ላይ ይለጠፋል። ውኃው ጨው ጨው ስለሚል ሻይ የቱንም ያህል ስኳር ቢጨመርበት አይጣፍጥም። አመሻሽ ላይ ወደቡ አካባቢ ወጥቶ ትኩስ ጥብስ ዓሣ መብላት ደስ ይል እንደነበር ግን መካድ አልችልም። ከከተማዋ ለመውጣት ወይ አውሮፕላን ነው፣ ወይ በረሃውን አቋርጠው ወደ ደሴ የሚወጡት ካሚዮኖች ናቸው። ለሁለቱም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ማህተም ደግሞ በትምህርት ቤታችን ካድሬ፣ በጓድ ሽፈራው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ያን ሰሞን መውጣት የግድ ሆኖብኝ ነበር። አዲስ አበባ የነበረው እጮኛዬ ታደሰ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊሄድ ነው፤ የሚበረው እሑድ ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ልንፈራረም ተስማምተናል። ሐሙስ በሚነሣው አውሮፕላን ላይ ቦታ ይዣለሁ፣ ቀሚሴንም አሰፍቻለሁ። ጓድ ሽፈራው «ሰኞ ከሰልፍ በኋላ ነይ፣ ማህተሙን እመታልሻለሁ» ብሎኝ ነበር።

በየሰኞው ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ሳምንቱ በታሪክ ይነበባል። የሚያዘጋጁት የታሪክ መምህሩ ጋሽ ሁሴን ነበሩ፤ ከአሰብ በታች ባሕሩ ዳር ያለችው የራሔይታ ተወላጅ፣ በማስተማር የሸበቱ፣ ቤታቸው በልጆች የተሞላ ሰው። የማነበው እኔ ነኝ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው ተብዬ። ንባቡ ሲያልቅ ጓድ ሽፈራው ያጨበጭባል። እሱ ሳይጀምር ማንም አያጨበጭብም፤ እሱ ከጀመረ ደግሞ እጁን አጣጥፎ የሚቆም የለም።

ያን ሰኞ ጋሽ ሁሴን ጽሑፉን የሰጡኝ ሰልፉ ከተጀመረ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሠራተኞች ቀን አለ፣ መጨረሻ ላይ ሚያዝያ ሃያ ሰባት። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት ሃያ ስምንት ካዛወረው ዓመታት አልፈዋል፤ የንጉሡን መመለስ በበጎ ማንሳት ደግሞ ሰው ያሳስራል። እኛ ግን ሁላችንም ያደግነው በሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው። ነጭ ካልሲ አጥልቀን የተሰለፍንበት፣ ከረሜላ የታደልንበት ቀን ነው። ጋሽ ሁሴን ከልማድ ጻፉት፣ እኔም ከልማድ አነበብኩት። የደብረ ማርቆሱ ልጅ ጓድ ሽፈራውም ከልማድ አጨበጨበ፤ ያውም ከአንጀቱ። ግቢው በሙሉ ተከተለው። ከዚያ እጆቹ አየር ላይ ቆሙ፣ ፊቱም አመድ መሰለ።

ወዲያው ቢሮ አስጠራኝ።

«ማነው የጻፈው?»

«ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ያነበበውን አልጠየቅኩም። የይለፍ ወረቀትሽ ይኸው። ስሙን ንገሪኝና ልምታልሽ።»

ማን እንደሚጽፍ ጠፍቶት አይደለም፤ ከእኔ አፍ እንዲወጣ ፈልጎ ነው። ቬንቲላቶሩ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ያርገበግበዋል። ታደሰን አሰብኩ፣ ቀሚሴን አሰብኩ፣ የጋሽ ሁሴንን ልጆችም አሰብኩ። አንድ ስም ነው፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መናገርም አቃተኝ፣ መዋሸትም አቃተኝ። ወረቀቱን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ መምህራን ሁሉ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰብን። ጓድ ሽፈራው ገና አፉን ሳይከፍት ጋሽ ሁሴን ተነሡ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ የሰጠኋትን ነው ያነበበችው። ወላሂ፣ እኔም ስሕተት መሆኑ አልታየኝም ነበር። እንዲያውም ጓድ ሲያጨበጭቡ ጊዜ ደስ አለኝ።»

የዋህነት ይሁን ብልጠት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ማንም አልሳቀም። ጓድ ሽፈራው መዳፎቹን አየና «ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ወሬው ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ» አለ።

ተገላገልኩ ብዬ ከኋላው ቢሮው ገባሁ።

«ፈቃድ ለጊዜው ቆሟል» አለኝ።

«ጓድ፣ አውሮፕላኑ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አዲስ አበባ ሄደሽ ምን እንደምታወሪ በምን አውቃለሁ?»

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ሳምንት ከመካከላችን ከአሰብ የምወጣው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጭብጨባው ከእኔ ጋር ተሳፍሮ አለቆቹ ጆሮ እንዳይገባ ፈርቷል። በእናቴ ስም ማልኩለት። መሳቢያውን ቆለፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ልጆች አሉኝ፣ ጽጌ» አለኝ። «ጓድ» ሳይል ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ልራራለት አልቻልኩም፤ ጠላሁት።

ሐሙስ አውሮፕላኑ ሲነሣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ተማሪዎቼ በመስኮት ሊያዩት ዞሩ፤ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጻፍኩትን እንደገና ጻፍኩት። ማታ ጋሽ ሁሴን በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዘው መጡ። በእሳቸውም ተናድጄ ስለነበር ግቡ አላልኳቸውም። በር ላይ እንደቆሙ «ከእንግዲህ ስለ ጠፈር ብቻ ነው የምጽፍልሽ፣ እህቴ» አሉኝ። «እዚያ የሚያጨበጭብ የለም።» እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ፤ ዓሣውንም አብረን በላነው።

ታደሰ ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል ጻፈልኝ፣ ከዚያ ደብዳቤው ሳሳ፣ ከዚያም እዚያው ማግባቱን ሰማሁ። አሰብ ዛሬ ድንበር ማዶ ናት፤ የጋሽ ሁሴንም ወሬ ከጠፋብኝ ስንት ዘመኑ።

የሬዲዮዋ ልጅ ሙዚቃው ሲያልቅ ተመልሳ ዝግጅቷን ዘጋች። ሬዲዮውን አጠፋሁት። ከዚያ በዚያው በሰልፍ ድምፄ፣ ለሽንኩርቱና ለድስቱ፣ እሷ የዘለለችውን አነበብኩ፦ «በዚህ ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከአሰብ የተነሣ አውሮፕላን አንድ ባዶ ወንበር ይዞ አዲስ አበባ ገባ።»

ጥቂት ጠበቅሁ። የሚያጨበጭብ አልነበረም።