ኦሪን ጋራዡን የጫነበት ማክሰኞ

ኦሪን ሃውገን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ ጫኝ ነበር። በሚኒያፖሊስ ዳርቻ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ የጭነት መጋዘን ውስጥ፣ ጠዋት ሲገባ ባዶ ተጎታች ይሰጡታል፤ ማታ ሲወጣ ተጎታቹ እስከ ጣሪያው ሞልቶ እጅ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። መጨረሻ የሚወርደውን መጀመሪያ ያስገባል፣ ከባዱን ከታች ያደርጋል፣ ተሰባሪውን በለስላሳ ነገር መሃል ይሸጉጣል። ሥራው ይኸው ነበር። ስለ ሥራው ሲያወራ ግን ድምፁ ዝግ ይላል፤ አንድ ቆንጆ አገር ደርሶ እንደመጣ ሰው።

በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ዓይኑ ከዳር ከዳር ይጨልም ጀመር። መጀመሪያ በጎኑ የሚያልፈው ሰው ጠፋው፣ ቀጥሎ የደረጃው ጠርዝ፤ በመጨረሻ መሃል ላይ የቀረችው ክብ ብርሃን እየጠበበች እየጠበበች ሄዳ ጠፋች። ሕልሙ ግን አልጨለመም። በሕልሙ ሁሌም ያያል፤ የሚያየውም ሥራውን ነው። አንድ ጊዜ ሐይቅ ስጭን አደርኩ ብሎ ነግሮኛል፤ ውሃውን እንደ ብርድ ልብስ እያጣጠፈ፣ ዳክዬዎቹን ከላይ እየደረደረ።

እኔ ጃነል እባላለሁ። ኦሪንና ሚስቱ ከታች፣ እኔ ከእነሱ በላይ ነው የምንኖረው። በቀይ ጡቡ ቤታችን አራት ቤተሰብ አለ፤ ከጓሮ በኩል ደግሞ ለአራታችን አንድ ጋራዥ፣ ለመኪና ማደሪያ የተሠራ። መኪና አድሮበት አያውቅም።

የኦሪን ዓይን በጠፋ በዓመቱ ሚስቱ ቬርና ለሁለት ሰው የተሠራ ረጅም አረንጓዴ ብስክሌት ይዛ መጣች። ሁለት መቀመጫ አለው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ቬርና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናትና ሰው ከኋላዋ አስቀምጣ መሄድ አልከበዳትም። እሷ ትመራለች፣ እሱ ይረግጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኖኮሚስ ሐይቅ ይወርዳሉ፤ መንገድ ላይ ያየችውን ሁሉ ትነግረዋለች። አልፎ አልፎ ያላየችውንም ትጨምርበታለች። አንድ ቀን ውሃው ውስጥ ነጭ ፈረስ ቆሟል ስትለው ሰምቻለሁ። እሱም ፈገግ ብሎ፣ ፈረሱ ወዴት እንደሚያይ ጠየቃት።

ችግሩ ብስክሌቱን ማውጣት ነበር። ጋራዡ ውስጥ አሥራ አንድ ብስክሌት አለ፣ የበረዶ ወራት ጎማ አለ፣ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን አለ፤ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆነው ተከራይ የተወው የልብስ ስፌት መኪና ጠረጴዛም አለ። የአንዱ ብስክሌት ፔዳል የሌላው ጎማ ውስጥ ገብቶ ይያያዛል፤ አንዱን ስትስቡ ስድስቱ ተከታትለው ይወድቃሉ። ቬርና ወደ ሐይቁ ለመሄድ ሃያ ደቂቃ፣ ከጋራዡ ለመውጣት አርባ ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ኦሪን ውጭ አጥሩን ይዞ ይጠብቃል። ምን እንደወደቀ በድምፁ ያውቃል። «ይሄ የጃነል ነው፣ ደወሉ ላልቷል» ይል ነበር።

ተሰብስበን ያልተነጋገርን አይምሰላችሁ። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍን፣ ሁላችንም ተስማማን፣ ሁላችንም ሌላው እስኪጀምር ጠበቅን። እኔ ራሴ ልጄን ከብስክሌቴ ኋላ እጎትትበት የነበረውን ትንሽ ጋሪ እዚያው እንዳለ ትቼዋለሁ። ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው።

አንድ ዓመት በበረዶው ወራት፣ ከጎናቸው የሚኖረው ዱዌይን ስታንገር ታንኳውን በሁለት የእንጨት መቆሚያ ላይ አጋድሞ አሳደረ፤ የነቬርና ብስክሌት ከሥሩ ቀረ። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ቬርና ጎንበስ ብላ ልትስበው ገባች። የተደረደረው ሁሉ ላይዋ ተናደ። እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ።

ከሆስፒታል ስትመለስ፣ በቃኝ፣ ለሚፈልግ ስጠው አለችው። ኦሪን ለማንም አልሰጠም። ሁለት ሳምንት ያህል ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ምን ይታይሻል ይላታል። መንገድ፣ ትለዋለች። ሌላስ ሲላት ያንኑ ትደግማለች።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። ቬርና ለእጇ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፣ ሌላው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቻለሁ። በወጥ ቤቱ መስኮት ስመለከት የጋራዡ በር ተከፍቷል። ትኩሳቴ ነው መሰለኝ፣ ያየሁት ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ከጋራዡ ጥላ ውስጥ ብስክሌቶች አንድ በአንድ ወደ ፀሐዩ ይወጣሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የልጅ፣ የትልቅ፤ አቧራው በላያቸው ወርቅ ሆኗል። ከኋላቸው ኦሪን ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል።

መንገዱ ጠፍቶበት ነው ብዬ በነጠላ ጫማ ወረድኩ።

«ጃነል ነሽ?» አለኝ። «እንዳትነኪ። በቅደም ተከተል ነው ያወጣሁት።»

አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ሌላ ላምጣልህ ስለው ሳቀ። የብስክሌቶቹን መሪ ወርድ፣ የፔዳላቸውን ከፍታ በመዳፉ ይለካ ነበር፤ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው፣ ሳይቸኩል። ጋሪዋ ጋ ሲደርስ ጣሪያዋን ዳሰሰ፣ ትንሿን መቀመጫ ዳሰሰ።

«ይቺ ያንቺ ናት። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው አሁን?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ማንን እየጠበቀች ነው?»

ጋሪዋን ወስጄ መንገድ ዳር አቆምኳት፤ ሳይመሽ የሆነ ሰው ወሰዳት። ሳላይ በመወሰዷ ደስ አለኝ።

ታንኳውን አብረን አነሳነው። ኦሪን ገመዱን በጣሪያው ወራጅ ላይ አሳልፎ በማላውቀው ቋጠሮ ቋጠረውና፣ በአንድ ላይ ስንስብ ታንኳው ቀስ ብሎ ከራሳችን በላይ ተንሳፈፈ። ብስክሌቶቹን አንዱን በፊቱ አንዱን በኋላው እያዞረ አስገባቸው፤ የአንዱ መሪ ከሌላው የኋላ ጎማ በላይ ያርፋል፣ ፔዳል ከፔዳል አይገናኝም። በየቀኑ የሚወጣውን በሩ አጠገብ፣ በዓመት አንዴ የሚወጣውን ከጥግ። አረንጓዴውን በግድግዳው ርዝመት አቆመው፤ ከፊቱ ምንም የለም።

ዱዌይን ከሥራ ሲመጣ ታንኳውን ከቦታው አጣው።

«ማን ነው ዕቃዬን የነካው?» አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

«እኔ ነኝ» አለ ኦሪን።

ዱዌይን ወደኔ ዞረ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ ኦሪን፣ መጠየቅ እኮ ነበረብዎት» አለ። ታንኳው የአባቱ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ውሃ ላይ አላወጣውም።

«መጠየቅ ነበረብኝ፣ ልክ ነህ» አለው ኦሪን። «ቬርናም እጇን ሳትሰበር ታንኳህን አንሳልኝ ብላ መጠየቅ ነበረባት፣ አንተን። አሁን ዓይንህን ጨፍንና ብስክሌትህን አውጣ።»

«እንዴት ብዬ?»

«እንደኔ።»

ዱዌይን ትንሽ አመነታ፤ ጨፈነ። እጁን ዘርግቶ ገባ፣ መሪውን አገኘ፣ ሳበ። ብስክሌቱ ምንም ሳይነካ፣ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ተከትሎት ወጣ። ፀሐዩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ለመክፈት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ገብቶ ቀና ብሎ ታንኳውን አየ፤ ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ውሃ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ቋጠሮውን አሳዩኝ አለው ኦሪንን።

ቬርና ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች። ደህና በነበረው እጇ አረንጓዴውን መቀመጫ ነካ አደረገችና፣ «አንተ ሰው፣ ምሳህን በልተሃል?» አለችው። አልበላም ነበር።

እጇ ሲድን ሰኔ ሆኗል። ጋራዡ ከዚያ ወዲህ ሁሌ ያማረ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው፤ ሰው ያው ሰው ነው፣ በየጊዜው አንድ ነገር ያስገባል። ኦሪን ግን በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ይገባና ይዳስሳል። ያለቦታው የተቀመጠ ነገር ካገኘ ከባለቤቱ በር ፊት አስቀምጦት ይሄዳል። ማንም ተቆጥቶት አያውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እኔም ብስክሌቴን ይዤ ተከተልኳቸው። ሐይቁን ዞረን ስንመለስ ቬርና በድንገት አንድ የተዘጋ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ገባች። ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ መኪና የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ በስንጥቁ ሣር የበቀለበት። ወረደችና ትከሻውን ነካችው።

«ወደፊት ተቀመጥ።»

«ቀልድ ተዪ።»

«የሚገጭ ነገር የለም። ብትገጭም እኔ ከኋላህ ነኝ።»

መቀመጫውን ዳስሶ ወጣ። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ቀጥ አሉ። ቬርና ግራ፣ ቀኝ ማለቷን ቀስ በቀስ ተወችው። እሱ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ፣ ሰፊ ክብ እየሠራ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ፣ ደግሞ ሰፊ ክብ።

ከክቦቹ በአንዱ ላይ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ምን እንደሚታየው ቬርና ስትጠይቀው ሰማሁ። ሲመልስላት ርቀው ነበር። የሰማሁት ሳቋን ብቻ ነው።